ዓሣ ማጥመድና ዳይቪንግ በአንድ ጉዞ፦ ቀኖቹን እንዴት ላደላድል?

ሰማያዊ_ጥልቀት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሆነን በሐሩር ክልል ባለች አንዲት የኮራል ደሴት ሰባት ሌሊት ልናሳልፍ ነው። ሁለታችንም የኦፕን ወተር (የጀማሪ ጠላቂ) ፈቃድ አለን። እኔ ደግሞ ጂቲ (ጃይንት ትሬቫሊ፣ ትልቅ አዳኝ ዓሣ) በፖፐር (ውሃ ላይ እየተንቦጫረቀ ዓሣ በሚስብ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ማጥመድ እፈልጋለሁ። ማረፊያው ያቀረበልን ፓኬጅ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሁለት ጠለቃ፣ ከሰዓት በኋላ ዓሣ ማጥመድ፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ቀን የሚሄድ ነው። በረራችን በመጨረሻው ቀን ማታ ነው።

ይህ ፕሮግራም ያስኬዳል? የጉዞውን ቀን ገና አልቆረጥንም፤ በምን እንምረጥ? ከዕቃ ምን ይዘን እንሂድ፣ ምን እንከራይ? የያዝነውን ዓሣ መብላትስ ይቻላል?


ሙላትና_ጉድለት፦

ፓኬጁን እንደቀረበላችሁ አትቀበሉት። አንደኛ በረራው አለ። የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ (ዳን) መመሪያ ግልጽ ነው፦ ከዲኮምፕረሽን ገደብ (መሃል ላይ ሳይቆሙ በቀጥታ ለመውጣት ከሚፈቀደው የጥልቀትና የጊዜ ገደብ) ሳያልፍ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ከአንድ በላይ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበር መቆየት አለበት። 24 ብታደርጉት ከጉዞው የሚጎድል ነገር የለም። ከደሴት ወደ ደሴት የሚወስደው ትንሽ አውሮፕላንም በረራ ነው፤ መመሪያው ከ600 ሜትር ከፍታ ጀምሮ ይመለከተዋል። ብዙ ሰው ትልቁን በረራ ብቻ ቆጥሮ ይህቺን ይረሳታል።

ሁለተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። ከውሃ የወጣ ጠላቂ ሰውነቱ ውስጥ ትርፍ ናይትሮጅን አለ፤ ቀስ እያለ በትንፋሽ ይወጣል። በዚያው ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ ከባድ ፖፐር መቶ ጊዜ መወርወርና ከጂቲ ጋር በ10 ኪሎ ድራግ (የሪሉ፣ ማለትም የክር መጠቅለያው፣ ፍሬን) መታገል ለአረፋ መፈጠር ምቹ ሁኔታ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ምልክቱ መሸፈኑ ነው። የዲኮምፕረሽን ሕመም (ናይትሮጅኑ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሲሠራ የሚመጣው) በብዛት የሚታየው በትከሻና በክርን መገጣጠሚያ ላይ ነው። ፖፐር የወረወረ ሰውም የሚያመው ትከሻውና ክርኑ ነው። ማታ ላይ «ዛሬ ዘንጉ አድክሞኝ ነው» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ውጦ ይተኛል፤ ኦክስጅን ማግኘት የነበረበት ሌሊት በእንቅልፍ ያልፋል። ከጠለቃ በኋላ ለ24 ሰዓት ከባድ ጉልበት የሚጠይቅ ነገር ባትሠሩ ይመረጣል።

ስለዚህ ቀኖቹን ቁረጧቸው። የደረሳችሁበት ቀን ዕረፍት። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ጠለቃ፣ በቀን ሁለት፣ ጥልቁ ይቅደም። አምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ይብቃ። ስድስተኛው ቀን ጠዋት ዕረፍት፣ ከሰዓት በኋላ ቀላል ማጥመድ። ሰባተኛው ቀን ሙሉ የፖፐር። ስምንተኛው ቀን ትበራላችሁ።

አሁን የቀን ምርጫ። ዳይቪንግና ጂቲ የሚፈልጉት ውሃ ተቃራኒ ነው። ጂቲ የሚያድነው ውሃው ሲሮጥ ነው፤ ትናንሽ ዓሦች በሪፉ (በኮራሉ ግድብ) ጠርዝና ውሃ በሪፉ ወደታጠረው ላጉን በሚገባባቸው መተላለፊያዎች አፍ ላይ ሚዛናቸውን ሲያጡ ጠብቆ ይመታል። ኦፕን ወተር ያለው ጠላቂ ደግሞ የሚፈልገው የረጋ ውሃ ነው። የሁለቱም ጌታ ጨረቃ ናት፦ በአዲስና በሙሉ ጨረቃ የሙላትና የጉድለት ልዩነት ትልቅ ይሆናል፣ በግማሽ ጨረቃ ያንሳል። ውጤቱ ከጨረቃዋ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል። ከግማሽ ጨረቃ እስከ ሙሉዋ (ወይም እስከ አዲሷ) ሰባት ቀን ከምናምን ነው፤ የእናንተ ቆይታ ልክ ነው። ጨረቃዋ ግማሽ በሆነች ማግስት ድረሱ፦ የጠለቃ ቀኖቻችሁ በደካማው ከረንት (የውሃ ፍሰት) ላይ ይውላሉ፣ ሰባተኛው ቀን ወደ ትልቁ ሙላት ይቃረባል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የሙላት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ወደፊት ይገፋል። በየቀኑ «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚል ፕሮግራም የወጣው ከወጥ ቤቱ የምግብ ሰዓት እንጂ ከባሕሩ አይደለም። ሙላቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቋቸው፤ ወዲያው መልስ ካላገኛችሁ ስለ ጀልባው ብዙ ነገር ተረዳችሁ ማለት ነው። (ይህ በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ታሂቲ ላይ ሙላቱ በጨረቃ ሳይሆን በፀሐይ የሚመራ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሰዓቱም በየቀኑ እዚያው እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው።)

መተላለፊያ ውስጥ የምትጠልቁ ከሆነ ውሃው ወደ ላጉኑ ሲገባ ይሁን። የሚገባው ውሃ ከውቅያኖስ ስለሚመጣ ጥርት ያለ ነው፤ ከረንቱ ቢወስዳችሁ እንኳ ወደ ውስጥ ነው። ሲወጣ ግን የላጉኑን ደለል ይዞ ወደ ክፍት ባሕር ይገፋል።


መንጠቆ_ያለ_ባርብ፦

ስለ ቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፤ ግን ማጥመዱን በሙሉ መጨረሻ ላይ መቆለል አደጋ አለው። ሰባተኛው ቀን ነፋስ ቢነሳ አለቀ። አራተኛውን ቀን ጠለቃ የሌለበት መለዋወጫ ቀን አድርገህ ያዘው፤ የአየሩ ሁኔታ ከሁለት ቀን በፊት ስለሚታወቅ ማዛወር ትችላለህ። ከሦስተኛው ቀን ጠለቃ ወዲህ የሚያልፈው ሌሊትም ይጠቅምሃል።

ወደ ዕቃው ልግባ። ለጂቲ ፖፐር ዘንጉ ፒኢ 8 (የክር ውፍረት መለኪያ) ደረጃ፣ ርዝመቱ ከ2.3 እስከ 2.5 ሜትር፣ ለጉዞ ሦስት ቦታ የሚፈታው። ሪል ከ14000 እስከ 18000 መጠን፣ ቢያንስ 300 ሜትር ብሬድ (የተጎነጎነ ክር) የሚይዝ። ብሬዱ ከ80 እስከ 100 ሊብራ። ሊደሩ (ጫፍ ላይ የሚታሰረው ወፍራም ክር) ከ130 እስከ 170 ሊብራ ናይለን፣ ሁለት ሜትር ያህል፤ የሊደሩ ሥራ ኮራል ላይ ሲታሽ መቋቋም ነው። ብሬዱንና ሊደሩን የሚያያይዘው የኤፍጂ ቋጠሮ ነው፤ ከ20 ዙር አታሳንሰው፣ ከዚያ በጓንት ይዘህ በሙሉ ኃይልህ ጎትተው። ብሬዱ በሊደሩ ላይ ነክሶ ቀለሙ ሲጠቁር ካላየህ አልጠበቀም፤ መጀመሪያ ዓሣ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ጀልባ ላይ ከመቋጠር ማታ አልጋህ ጠርዝ ተቀምጠህ ሦስት አራት ሊደር አዘጋጅ።

ድራግን በእጅ ግምት አታስተካክል። የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን በቂ ነው፦ ዘንጉን አጉብጠህ ሰው ሚዛኑን ይያዝልህ፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ላይ ክሩ መውጣት ይጀምር። 80 ሊብራ ብሬድ 36 ኪሎ ይችላል፤ በሲሶው ቢሰላ 12 ይደርሳል፤ ግን በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ 12 ኪሎ ጀማሪን ከእግሩ ይነቅለዋል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ወሳኝ ናቸው፤ ጂቲው ተመትቶ ወደ ኮራሉ ሲዞር ካላቆምከው ብሬዱ በአለት ይቆረጣል። ክር እየወጣ ሳለ ድራግ ለማጥበቅ መታገል ከንቱ ነው፤ አስቀድመህ የለካኸውን እመን።

ፖፐሩ ከፋብሪካው ሦስት ጫፍ ባለው መንጠቆ ከመጣ አውልቀህ ነጠላ መንጠቆ ከ7/0 እስከ 9/0 አድርግለት፤ ባርቡን (ወደ ኋላ የሚይዘውን እሾህ) በፕላየር ጨፍልቀው። ክሩ እንደተወጠረ ከያዝከው ዓሣ አታጣም፤ መንጠቆው ሰው ላይ ሲሰካ ግን ልዩነቱን ታየዋለህ። ባርብ የሌለው በገባበት ይወጣል። ጀልባው ላይ የመንጠቆ አንገት የሚቆርጥ ትልቅ መቁረጫ መኖሩን ጠይቅ፤ ተራ ፕላየር 8/0 አይቆርጥም። የቴታነስ ክትባትህን አስቀድመህ አድስ።

ለስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጂጊንግ (ከባድ የብረት ማጥመጃ፣ ጂግ፣ ወደ ጥልቅ አውርዶ ወደ ላይ መንጠቅ) ከ150 እስከ 250 ግራም ባለው ጂግ ይበቃል። ዋሁ ባለበት አጭር የሽቦ ሊደር ጨምር፤ ናይለኑን እንደ መቀስ ነው የሚቆርጠው። ከጥልቅ የወጣ ግሩፐር ሆዱ ተነፍቶ፣ ጨጓራው በአፉ ገፍቶ ከታየ ወርውረኸው አይሰምጥም፤ የአየር ከረጢቱ ስለተነፋ ላይ ተንሳፎ ይሞታል። ክብደት ባለው ማውረጃ ወደ ታች መመለስ አለበት። መልቀቅ የምትፈልግ ከሆነ ማውረጃውን ያዝ፤ ከሌለ ግሩፐር በሚይዝ ጥልቀት ጂግ አታውርድ።

ጂቲ ስትለቅ በጊሉ (በመተንፈሻው) አታንጠልጥለው። እጅህን አርጥበህ ጅራቱን በአንድ እጅ፣ ሆዱን በሌላው ደግፍ፤ ፎቶው ከ30 ሰከንድ አይለፍ። ስትመልሰው ጭንቅላቱን ወደ ከረንቱ አቅና።


አረፋ_ተከታይ፦

የዳይቪንጉን እኔ ልሙላ። ሁለታችሁም ኦፕን ወተር ከሆናችሁ ገደባችሁ 18 ሜትር ነው። «ሻርኮቹ 28 ሜትር ላይ ናቸው፣ ችግር የለውም» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ችግሩ የእናንተ ኢንሹራንስ ላይ ነው፤ ከሥልጠና ገደብ ውጭ የደረሰን ጉዳት አንዳንድ ፖሊሲዎች አይሸፍኑም። ኢንሹራንሱን ከመግዛታችሁ በፊት የግፊት ክፍል (የዲኮምፕረሽን ሕመም የሚታከምበት) ሕክምናንና ከደሴቱ የማውጫ ትራንስፖርትን ለየብቻ መጥቀሱን አንብቡ።

ኒትሮክስ (ኦክስጅን የበዛበት የመተንፈሻ አየር) ካለ ኮርሱን ውሰዱ። በፓዲ (የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት) ሰንጠረዥ 18 ሜትር ላይ በአየር የሚፈቀደው 56 ደቂቃ ነው፣ በኒትሮክስ 32 (32 በመቶ ኦክስጅን) ግን 95። ለአራት ተከታታይ ቀን ጥሩ ትርፍ ነው። ግን የኒትሮክስ 32 የታች ወለል 33 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከዚያ በታች ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ይሆናል። ከመብረር በፊት የምትጠብቁትንም ሰዓት አያሳጥርም። ጋዙን ሳትለኩ ከታንኩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አትመኑ፤ መለኪያውን ራሳችሁ ያዙ።

የራሳችሁን ይዛችሁ የምትሄዱት ማስክ፣ የጠለቃ ኮምፒውተር፣ ተንሳፋፊ ምልክት (ኤስኤምቢ) ከነመጠምጠሚያው፣ የክር መቁረጫ። ቢሲዲ (የመንሳፈፊያ ጃኬት)፣ ሬጉሌተር (የአየር መተንፈሻ)፣ ታንክና የእርሳስ ክብደት ተከራዩ፤ እርሳስ በሻንጣ ማጓጓዝ ለማንም አይጠቅምም። የራሳችሁ ሬጉሌተር ካለና ዲን (ታንኩ ውስጥ ተጠምዝዞ የሚገባ) ከሆነ የዮክ (ቫልቩን ከላይ አቅፎ የሚይዝ) ማገናኛ ያዙ፤ ብዙ ደሴቶች ያላቸው የዮክ ቫልቭ ነው።

የክር መቁረጫው ጌጥ አይደለም። ዓሣ በሚጠመድበት ሪፍ ላይ የተበጠሰ ብሬድ በኮራሉ መሃል ተዘርግቶ ይቀራል፤ ከሦስት ሜትር አይታይም። ቢላ ክር ላይ ይንሸራተታል፤ ትንሽ ወደ ውስጥ የገባ ምላጭ ያለው መቁረጫ ወይም የድንገተኛ ሕክምና መቀስ ይሻላል። ከተጠላለፋችሁ አትዙሩ፤ በዞራችሁ ቁጥር ክሩ በታንኩ ቫልቭ ላይ ይጠመጠማል። ቆማችሁ ጓደኛችሁን ጥሩ።

በዚያው ቀን ማጥመጃ የተጣለበት ወይም የዓሣ አንጀት የተደፋበት ቦታ አትጠልቁ። ማረፊያው ሁለቱንም ሥራ በአንድ ጀልባ የሚሠራ ከሆነ ይህን በግልጽ ጠይቁ። ጠላቂዎች ከታች ሳሉ ጀልባው የአልፋ ባንዲራ (ነጭና ሰማያዊ) ማውለብለብ አለበት፤ ካፒቴኑ በዚያ መሃል «ትንሽ ልጎትት» ብሎ ክር ከጣለ ወደዚያ ጀልባ አትመለሱ።

ስትወጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር አትፍጠኑ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁሙ፣ ኤስኤምቢውን ከዚያው ልቀቁት። ጆሮ መጀመሪያው ሜትር ላይ ሳያማችሁ ይከፈት፤ ካመመ በኋላ መግፋት ያባብሰዋል። ጉንፋን ከያዛችሁ አፍንጫ የሚከፍት መድኃኒት ውጣችሁ አትጠልቁ፤ ኃይሉ ከታች ሳላችሁ ካለቀ አየሩ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፣ መውጣቱ ከመግባቱ የባሰ ያማል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለማረፊያው ጻፉ፦ የኦክስጅን ታንካችሁ ስንት ሊትር ነው፣ የግፊት ክፍሉ በስንት ሰዓት ይደረሳል? ለታመመ ጠላቂ በደቂቃ 15 ሊትር ቢሰጥ 2000 ሊትር 133 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ክፍሉ አራት ሰዓት የሚርቅ ከሆነ ሒሳቡ አልደረሰም።


ሰማያዊ_ጥልቀት፦

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ባለቤቴ ጀልባ ያጥወለውላታል፤ መድኃኒት ወስዳ መጥለቅ ትችላለች? ሻንጣውስ? ፖፐርና ጂግ ብቻ ስንት ኪሎ ነው!


ንጹሕ_ጨው፦

የማጥወልወል መድኃኒቱ ሜክሊዚን ዓይነት ከሆነ ጀልባው ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ትውሰድ፤ ካጥወለወለ በኋላ መዋጥ ብዙም አይሠራም። ዋናው እንቅልፍ ማምጣቱ ነው። ከጉዞው በፊት ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሞክራው ምን እንደሚያደርጋት ትይ፤ ካደነዘዛት ጠለቃ የለም። ጀልባ ላይ መሃል ወደ ኋላ ተቀምጣ አድማሱን ትመልከት፣ ከሞተሩ ጭስ ትራቅ። ዕቃዋን ጀልባው ከመቆሙ በፊት አዘጋጅታ ትጨርስ፤ ጀልባው ቆሞ በማዕበል ሲወዛወዝ አጎንብሶ ማሰሪያ መፈለግ ነው ሰውን የሚጥለው።

ሻንጣ፦ መንጠቆ፣ ፕላየር፣ ቢላና መቁረጫ በሚጫነው ሻንጣ። መንጠቆዎቹን ከፖፐሮቹ አውልቃችሁ በጠንካራ ሳጥን አድርጉ፤ ሻንጣ የሚፈትሽ ሰው እጅ አለው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ፣ እያንዳንዱ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች፣ ጫፎቹ በቴፕ ተሸፍነው። የጠለቃ መብራት ባትሪውን አውጡለት፤ ሻንጣ ውስጥ ራሱ ከበራ ይቀልጣል። ሪሎቹን በእጅ ሻንጣ ያዙ፣ ክብደታቸው እዚያ አይጎዳም። ፖፐር ስድስት፣ ጂግ አራት በቂ ነው። የፀሐይ ቅባት ስትገዙ ደግሞ የአገሩን ሕግ እዩ፤ ፓላው ለምሳሌ ከ2020 ጀምሮ ኦክሲቤንዞንና መሰሎቹን የያዘ ቅባት ከልክላለች። ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ ከሁሉም ይሻላል።

ማጠብ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው፦ ሪሉን በኃይለኛ ውሃ ይመቱታል። ያ ጨውን ወደ ቦሎቹ (ቤሪንጎቹ) ይነዳዋል። ድራጉን አጥብቁ፣ በለስላሳ ንጹሕ ውሃ አርከፍክፉ፣ አራግፋችሁ አድርቁ፣ ከዚያ ድራጉን ፍቱት፤ ተጨምቆ ያደረ ድራግ ጠዋት እየያዘ ይለቃል። ሬጉሌተር ላይ ደግሞ መክደኛውን ሳትገጥሙ አትንከሩ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ የፐርጁን (የአየር ማስለቀቂያውን) ቁልፍ አትጫኑ፤ ውሃው በቱቦው ወደ መጀመሪያው ደረጃ (ታንኩ ላይ ወደሚገጠመው ክፍል) ይገባል።


የባሕር_ሐኪም፦

የመብሉን ጥያቄ ማንም አልመለሰውም፤ ለጠላቂ ደግሞ ይህ ተራ የምግብ ጉዳይ አይደለም። ትልልቅ የሪፍ አዳኞችን (ባራኩዳ፣ ሞሬይ፣ ትልቅ ግሩፐር፣ ትልቅ ስናፐር፣ ራሱ ጂቲውንም) አትብሉ። ሲጓቴራ የሚባለው መርዝ የሚመነጨው በኮራልና በአልጌ ላይ ከሚኖር ጋምቢየርዲስከስ ከሚባል ደቂቅ ሕዋስ ነው፤ ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትልቁ ትንሹን ይበላዋል፣ መርዙ እየተከማቸ ይሄዳል። ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ መጥበስም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም።

ምልክቱ ማስመለስና ተቅማጥ፣ ከዚያም የከንፈርና የጣት መደንዘዝና መነዝነዝ፣ ቀዝቃዛውን ነገር እንደሚያቃጥል መስማት ነው። መደንዘዝና መነዝነዝ የዲኮምፕረሽን ሕመምም ምልክት ነው። ጠዋት ጠልቆ ማታ ባራኩዳ የበላ ሰው ሌሊት ጣቱ ቢደነዝዝ ሐኪሙ ሁለት ነገር ሊጠረጥር ነው፤ ሕክምናቸው ደግሞ አይገናኝም። እንዲህ ከሆነ ኦክስጅን ጀምራችሁ ለዳይቪንግ ሐኪም ደውሉ፤ የጠለቃውን ጥልቀትና ሰዓት፣ የተበላውን ዓሣና ሰዓት ሁለቱንም ንገሩ። ሌሎች ከዚያው ዓሣ የበሉ ታመዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ነገር ይለያል።

የክፍት ባሕር ዓሣ ብሉ፦ ቱና፣ ዋሁ፣ ማሂ ማሂ። የእነዚህ ጣጣ በረዶ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ቱና ወይም ማሂ ማሂ ሥጋው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል፤ እሱንም እሳት አያጠፋውም። ፊት መቅላት፣ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን ከበሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ቱናው እንደወጣ ጊሉ ሥር ያለውን ደም ሥር ቁረጡና ደሙን አፍስሱ፣ ከዚያ ሁለት እጅ በረዶ ከአንድ እጅ የባሕር ውሃ ጋር በተቀላቀለበት ሳጥን ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስምጡት። በረዶ ላይ ማጋደም ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው ነው ቅዝቃዜውን በሁሉም ጎን የሚያደርሰው። ከ4 ዲግሪ በታች ይቆይ።

ሪፍ ላይ እየተራመዳችሁ የምትወረውሩ ከሆነ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፤ እግር ከመነሳት ይልቅ እየተጎተተ ይሂድ። የድንጋይ ዓሣ (ስቶንፊሽ) ከወጋ እግሩን መታገስ በሚቻለው ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩ፤ ሙቀቱን ባልተጎዳው እግር አስቀድማችሁ ሞክሩት፣ የታመመው እግር መለየት ስለማይችል ይቃጠላል። ከዚያ ወደ ሐኪም።


ሰማያዊ_ጥልቀት፦

ለማረፊያው ጻፍኩላቸው። ፕሮግራሙን ለመቀየር ተስማምተዋል፤ የማጥመጃው ጀልባ ከዳይቪንጉ የተለየ ነው አሉ። የኦክስጅኑን ሊትር ግን አልመለሱም፤ «ሙሉ መሣሪያ አለን» ብቻ ነው ያሉት።


አረፋ_ተከታይ፦

ያ መልስ አይደለም። የታንኩን ፎቶ ከነጌጁ እንዲልኩ ጠይቅ፣ ጭምብሉም አብሮ ይታይ። ቅድሚያ ክፍያውን እስኪልኩ አቆየው።